ከመስመሩ ያለፈው ብቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የልጅ ልጄን ደመወዝ አልበላም። እዚህ ልጻፈው እንጂ ሌላ የት እናገረዋለሁ?

ሳሙና ልገዛ ከደረጃው ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ስገባ ዝም። አርባ ልጃገረድ ፊት ቆሜ ስፌት ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ስለ ማን ዝም እንደተባለ ለይቼ አውቃለሁ። ስለ እኔ ነው። ሴቶቹ እስኪወጡ ጠብቄ ባለሱቋን ያዝኳት።

«ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም የለ፣ እትዬ።»

«ምንም ከሌለ ንገሪኝ።»

«እንግዲህ ሰው ነው… የልጅቷን ደመወዝ አያትየዋ ነች የምትቀበላት ይላል።»

«ሰው ማለት ማን ነው?»

«ሰው ነዋ፣ እትዬ። ሰውን ማን ያውቀዋል?»

ጨምቄ ጨምቄ አወጣሁት። ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የፀጉር ቅባት አንስታ፣ ዋጋውን አይታ መልሳ አስቀመጠችው። ምነው ቢሏት «ደመወዜ ተቆረጠ» አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ማን ቆረጠው? ቤት ያለችው አሮጊት ናታ። መቀስ ያላት እሷ አይደለች?

ልጅቷ ለቤቱ የምትከፍለው የመብራቱን ግማሽ ብቻ ነው። እሱንም ራሷ ነች እከፍላለሁ ብላ የተነሳችው። እኔ ጡረታ አለኝ። የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሳሙናውን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ አሁን ደግሞ ሳሙና የለም።

ግን… እውነት ማን ቆረጠው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጠየቅኋት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«የትምህርት ብድር ነው፣ እማማ። ተይው።»

«ስንት?»

«ሺህ ምናምን።»

«ምናምን ቁጥር አይደለም።»

«እሺ፣ አንድ ሺህ ሰማንያ። ይኸው ቁጥር።»

ቁጭ አድርጌ አስነገርኳት። በላብራቶሪ የምትሠራበት ሆስፒታል የሦስት ወር ትርፍ ሰዓቷን አጠራቅሞ ባንድ ጊዜ ከፈላት። ደመወዟ በወር ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ነው፤ በዚህ ላይ ሦስት ሺህ ስትጠብቅ፣ የተጨመረላት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ብቻ ሆነ። የት ሄደ ብላ ብትጠይቅ ፕሮፌሰሩ ነገራት። ፕሮፌሰር አይደለም፤ ላብራቶሪው ውስጥ ረጅም ዘመን የቆየ ሰው ስለሆነ እንዲያ ይሉታል። «ደመወዝሽ ስምንት ሺህን ካለፈ ከሙሉው ላይ ከመቶ አሥር ለብድሩ ይወስዱብሻል» አላት። አሥር ሺህ ስምንት መቶን ለአሥር አካፈለች። አንድ ሺህ ሰማንያ። ልክ መጣ። አመነች።

እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር።

«ስለዚህ የኃላፊነቱን ቦታ እምቢ አልኩ» አለች፤ ስለ አውቶቡስ እንደምታወራ።

የምን ኃላፊነት? የደም ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል። አራት ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ ሥራዋን ትወዳለች፤ አለቆቿ አንቺ ያዢው ብለዋታል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካልፈረመች ከውጭ ሰው ይቀጥራሉ። ለኔ አልነገረችኝም። ደመወዙ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ነው። «ካደግኩ እከስራለሁ፣ እማማ። ስምንት መቶ ሠላሳ ሲወስዱብኝ አሁን ከማገኘው በታች እወርዳለሁ። ፕሮፌሰሩም የቆጡን አወርድ ስትዪ የብብትሽን ትጥያለሽ ብሎኛል።»

የደመወዝሽን ወረቀት አምጪ አልኳት። የለኝም አለች። አራት ዓመት ሠርታ የደመወዝ ወረቀቷን አንድ ቀን አልተቀበለችም! ባንኩ ስልኳ ላይ የሚልከውን መልእክት ታያለች፤ ያ ይበቃታል።

«ሳትለኪ ቆረጥሽ» አልኳት።

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ከጨርቅ ጋር…» አለችና ተነስታ ክፍሏ ገባች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም «እርስዎ»። ደስ ሲላት «አንቺ» ነኝ፤ ሲከፋት «እርስዎ» እሆናለሁ። ሌላ ቤት ክብር ይባላል። እዚህ በር መዝጋት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች፤ የልጅቷ እናት።

«እማዬ… እንዳትቆጪኝ።»

«ጀምረሽዋል።»

«ልጅቷን ገንዘብ ትጠይቂያታለሽ እንዴ? ከቸገረሽ ለኔ አትነግሪኝም?»

ወሬው እኔ የአውቶቡስ ተራ ስይዝ እሱ አገር አቋርጧል። ማን ነገረሽ አልኳት። ሰው ነው አለች። ይህን ሰው አንድ ቀን ባገኘው።

አልቸገረኝም አልኩና ዘጋሁት።  ዳቦ እሰርቃለሁ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የልጅ ላብ? እኔ?

ነገ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። የቆረጠው ሰው ፊት ለፊት ይንገረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሄድኩ። በአውቶቡስ፣ ቆሜ። ወጣቶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተኙ ይመስላሉ፤ ሽማግሌ ሲያዩ የሚመጣ እንቅልፍ።

የደመወዝ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ የቧንቧ ውኃ ከግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። በሩ አጠገብ ጫማ የመጣበት ትልቅ ካርቶን፤ ውስጡ የታጠፉ ወረቀቶች እስከ አፉ። የላይኞቹ አቧራ ለብሰዋል። ምን እንደሆኑ ኋላ ነው የገባኝ።

ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛውን በእጁ ይዳብሳል። «ግንባርዎ ላይ ነው» አልኩት። ጥሩ አጀማመር አልሆነም።

«የልጅ ልጄን ገንዘብ የቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«የእሷን ወረቀት ለሌላ ሰው አላሳይም፣ እናቴ። ራሷ ትምጣ።»

«ሌላ ሰው? አሳድጌያታለሁ።»

«ያሳደጓት እርስዎ ነዎት፤ የተቀጠረችው እሷ ናት።»

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ጃንጥላዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አኖርኩት ነው ያልኩት። ድምፅ አወጣ፤ ጠረጴዛው ቆርቆሮ ነዋ።

«ስለ እሷ አይንገሩኝ። ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ። እንዴት አድርገው ነው የሚቆርጡት?»

ሲያስረዳ ድምፁ እንደ ግድግዳው ቧንቧ ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። መንግሥት ለትምህርት ያበደረው ገንዘብ የሚመለሰው ከደመወዝ ላይ ነው። ሠራተኛው እጅ ሳይገባ አሠሪው ያስቀረዋል። ካስቀረ በኋላ ከግብሩ ጋር አብሮ ይልከዋል፤ እዚያ ከዕዳው ላይ ይቀነሳል።

«እዚህ አንዲት ሳንቲም አትቀርም» አለ።

«ልጅቷ አልፈልግም ብትልስ?»

«እሷ አትጠየቅም። የሚታዘዘው አሠሪው ነው።»

«ደመወዟ ትንሽ ከሆነስ?»

«እስከ ስምንት ሺህ አይነካም። መስመሩ እሱ ነው። ከዚያ በላይ ካለው ላይ ብቻ ከመቶ አሥር።»

«ከሙሉው አይደለም?»

«ከሙሉው ማን አለ?»

«ላብራቶሪው በሙሉ።»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እዚህ ወርዶ የጠየቀኝ የለም» አለ።

አላመንኩትም። እጁ ላይ መቀስ ያለ ሰው ሁልጊዜ ልክ ቆረጥኩ ነው የሚለው። ባይሆን ለምን ሺህ ሰማንያ ጎደለ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የደመወዙን ሰውዬ በጃንጥላ አልመታሁትም።

ባለሱቋ ሳሙናውን ስትሰጠኝ ከወትሮው ራቅ ብላ ቆመች። «እትዬ፣ እውነት ደም ወጥቶታል?» አለችኝ። ደም። ከትናንት እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ሰው ሆነ፣ ሰውየው ደማ። ነገ ደግሞ ቀብሩ ላይ ይጠሩኝ ይሆናል።

ልጅቷ ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ምን አድርገው ነው የመጡት?»

«ጠየቅሁ።»

«ላብራቶሪው እየሳቀብኝ ዋለ። አያትሽ ሰኞ ደግሞ ዳይሬክተሩን በምን ትመታዋለች ይሉኛል። አሳፈሩኝ።»

አሳፈሩኝ አለች። በዚህ ዕድሜዬ።

ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ይኸው ወረቀቱ። ሰውየው ጠርቶ ሰጠኝ። ካርቶኑ ውስጥ የኔው ብቻ የአራት ዓመት ተከምሮ ነበር። ይደሰቱ።»

የላብራቶሪው ሰው ሁሉ ወረቀት እዚያ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ማንም አይወርድም። ማንም አያወጣላቸውም።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

መነጽሬን አድርጌ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ጠዋቱን ሙሉ። ያለፈውን ወርና ከዚያ በፊት ያለውን ጎን ለጎን አደረግሁ። ልብስ የሚታየው ከሌላ ልብስ ጋር ነው።

ሁለት መስመር ነው የሚቆርጣት። አንዱ ግብር፤ ይህ ሁልጊዜም አለ። ገንዘቡ ሲበዛ እሱም በዛ፤ ከወትሮው ስምንት መቶ ጨመረ። ሁለተኛው የትምህርት ብድር። ቀደም ባሉት ወራት ባዶ ነው። በዚህኛው ሁለት መቶ ሰማንያ።

ሁለት መቶ ሰማንያ የምን አሥረኛ ነው? የሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምንድን ነው? ከስምንት ሺህ ያለፈው።

ሰውየው አልዋሸኝም። ይህን መጻፍ ያመኛል፣ ግን አልዋሸኝም።

ስምንት መቶና ሁለት መቶ ሰማንያ ሲደመር አንድ ሺህ ሰማንያ። የግብሩ ጭማሪና ብድሩ ተደምረው እንዲያው ባጋጣሚ የሙሉው አሥረኛ ሆነው ቁጭ። እንዲህ ልክ የሚመጣ አጋጣሚ ከውሸት ይከፋል፤ ውሸትን ሰው ይጠራጠራል።

የኃላፊነቱንም አሰላሁ። ስምንት ሺህ ሦስት መቶ። ከመስመሩ ያለፈው ሦስት መቶ፤ አሥረኛው ሠላሳ። ሠላሳ! የምትወደውን ሥራ የምትጥለው ለሠላሳ ነው። ግብሩም ትንሽ ይጨምር፤ ቢሆንም አሁን ከምታገኘው በላይ ነው።

ጠራኋት። መጣች፣ አልተቀመጠችም። አሳየኋት።

«እማማ፣ እስቲ አንዴ ይስሙኝ» አለች። «እኛ ማሽኑ ላይ መስመር አለን። ከመስመሩ በታች ከሆነ በሽታው የለም እንላለን። አንዲት ነጥብ ካለፈ፣ አለ። ናሙናው በሙሉ። ግማሽ ጎኑ ታሞ ግማሹ ጤነኛ የሆነ ደም አይተው ያውቃሉ? መስመር ማለት እንደዚያ ነው።»

ስህተቱን አየሁት፤ ሲወለድ አየሁት። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸውን የሚያነቡት እንደ ደም ነው። ያለፈ ሁሉ አለፈ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያነቡ ይውላሉ፤ ባይጠነቀቁ ሰው ይሞታል። ስንፍና ቢሆን በተቆጣሁ፣ በተገላገልኩ። ከጥንቃቄ የመጣ ስህተት ላይ ማን ይጮሃል?

ነጭ ጋዎኗን ከመስቀያው አወረድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከጠርዙ በላይ በጠመኔ አሰመርኩ።

«ይህ ስምንት ሺህ ነው። ከዚህ በታች የወረደው ያለፈው ነው። ሰፊው የቱን ይቆርጣል?»

«የወረደውን።»

«ጋዎኑን በሙሉ የሚቆርጥ ሰፊ ታውቂያለሽ?»

«እሱ ልብስ ነው» አለችና ወጣች።

ልብስ ነው። አዎ ልብስ ነው። ጠመኔውን ከጋዎኑ ላይ አጥቤ አሰጣሁት። እንዴት አድርጌ ነው ይህን ልጅ…

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማታ ስትገባ፣ ራቱን ሳትነካ፤ «ፕሮፌሰሩን ጠየቅሁት። አያትሽ የስፌት አስተማሪ ነች ወይስ የሒሳብ? አለኝ።»

ሁለቱም ነኝ በይው። ሒሳብ የማያውቅ ሰፊ እጅጌው አንዱ ከአንዱ ያጥራል።

አልነገርኳትም። ብነግራት ለሱ አትነግረውም። አራት ቀን ቀራት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ተመለስኩ ወደ ምድር ቤቱ። ጃንጥላዬን ኮሪደሩ ላይ አስደግፌ ገባሁ።

«ውጪ ትቼዋለሁ» አልኩት።

«አየሁ፣ እናቴ።» ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ግንባሩ ላይ ያለው መነጽር ትንሽ ተነቃነቀ።

ልክ ነበርክ አልኩት። አንተ ብዬ፤ ሰው ልክ ከሆነ ልጄ ይሆናል። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ላብራቶሪ ውጣና አስረዳቸው።

«ማስረዳት የኔ ሥራ አይደለም፣ እናቴ። የኔ ማስላት ነው።»

«የማስረዳት ሥራ የማን ነው?»

«የሠራተኛ አማካሪ የሚባል መደብ አለ። ክፍት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ስቀጠርም ክፍት ነበር።»

«ደመወዙ መስመሩን ያልፍ ይሆናላ፤ ፈርተው ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣበት ራሱም የደነገጠ ይመስላል። ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። ላብራቶሪው ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓት እምቢ ይላል አለኝ። አለቆቹ ስንፍና ነው ብለው አስተያየት ጽፈውባቸዋል። እሱም ስንፍና ይመስለው ነበር። ልጅቷ እሺ ብላ የሠራችው አዲስ ጀማሪ ታሞ ሰው ሲጠፋ ነው።

«ደግሞም…» አለና ካርቶኑን አየ። «አንዳንዱ መስመሩን የሚያልፈው አንድ ወር ብቻ ነው። የዓመቱ ድምር ከዓመቱ መስመር በታች ከሆነ፣ ካመለከተ የተቆረጠው ይመለስለታል።»

«ስንት ሰው አመለከተ?»

«እስካሁን… ማንም።»

ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ይህን ምድር ቤት አላየም። እዚህ ዝምታው ነቅዟል፤ ዱቄቱ በአፍንጫዬ ገባ። ይህ ሰው አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ በአንዲት ሳንቲም አልተሳሳተም። አወቀ፣ ዝም አለ። የጠየቀኝ የለም ብሎ። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?

እኛን ያስተማሩን ሴትዮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዷ ልጅ ጨርቅ ስታበላሽ ሁለቱን ነበር በማስመሪያ የሚመቱት፤ የቆረጠችውንም፣ አጠገቧ ተቀምጣ አይታ ዝም ያለችውንም። ይህን ነገርኩት። ድምፄን ሳላነሳ። ድምፄን ሳላነሳ ስናገር ነው የምከፋው፤ ተማሪዎቼ ያውቃሉ።

«ቦታው ዓርብ ይዘጋል» አልኩት። ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ምንም። «ደህና ዋሉ?» ብላ ገባች፣ «ደህና ይደሩ» ብላ ተኛች።

ሰውየውም ያው ነው ማለት ነው። ሁሉም ያው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ከበሩ ጀምራ ነው የምታወራው። እንዳለችው ልጽፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰውየው ላብራቶሪ ወጣ። ካርቶኑን ታቅፎ። ያን የጫማ ካርቶን! በር ላይ ቆመ፤ ጋዎን ያልለበሰ አይገባም ብለው ከለከሉት። አንድ ጋዎን አዋሱት፤ ጠበበው። ወረቀቱን በየስማቸው አደለ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ።

«አንቺ እማማ፣ ብታዪው… ማንም አልገባውም። እንደ ማሽን ነው የሚያወራው። መነሻ፣ ምጣኔ፣ ተከፋይ… ፕሮፌሰሩ ማዛጋት ጀመረ።»

አንቺ አለችኝ። ልብ አላለችውም። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፤ ብናገር የሚበር መስሎኝ።

«ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። የራሴን ጋዎን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ማርከር አነሳሁና አሰመርኩበት።»

«በማርከር?»

«ጠመኔ ከየት ላምጣ?»

«አይለቅም እኮ።»

«አይለቅም። ሰፊው የቱን ይቆርጣል አልኳቸው። የወረደውን አሉ። ጋዎኑን በሙሉ የሚቆርጥ ሰፊ ታውቃላችሁ? ይኸው ብድሩም እንዲህ ነው አልኩ። ከመስመሩ ያለፈው ብቻ። ስናገረው… እማማ፣ ለነሱ ስናገረው ነው ለራሴ የገባኝ።»

ፕሮፌሰሩ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው ብሎ ጠየቀ። «ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው» አለ ሰውየው። ፕሮፌሰሩ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓቱን ለሌላ ክፍል እየለቀቀ ቤቱ ሲቀመጥ ነበር። ሚስቱ «ምነው አንተን ብቻ ሥራ የጠላህ?» ትለው ነበር አሉ። ማንም አልሳቀበትም።

«ሰውየው ሲወጣ ምን አለኝ መሰለሽ? አያትሽን ሰላም በይልኝ፤ በማስመሪያ መመታት ከጃንጥላ ይብሳል በያት።»

ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የፈጀበት አንድ የምሳ ሰዓት ነው። አንድ ምሳ! ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምሳ አልበላም?

«ነገስ?» አልኳት።

«ነገ ምን?»

እንዳላወቀች። ክፍሏ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ፈረመች። ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ እየሮጠች።

ደስ ብሎኛል። ቁጣዬ ግን አልበረደም፤ ለምን እንደሆነ ስፈልግ ነበር። ቆራጩ ላይ አይደለም። ተበደረች፣ ተማረች፣ ትመልሳለች፤ ይህ ይስማማኛል። እኛን በነፃ ተማራችሁ ይሉናል። በነፃ? የላኩን ቦታ ሁሉ ሄደን ነው የመለስነው፣ በእግራችን። ዕዳ አያናድደኝም። ልኬቱን ሳይነግሩ መቁረጥ ነው የሚያናድደኝ። ደንበኛው ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ልብሱ የት እንደደረሰ ማየት አለበት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ሆስፒታል አልተቀጠርኩም። የሠራተኛ አማካሪ ሆና ገባች እየተባለ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ በትልቅ ደመወዝ። ያንንም ከልጅቷ ደመወዝ ጋር ደምሬ የምበላው ይሆናላ።

ዛሬ የደመወዝ ቀን ነበር። ልጅቷ ወረቀቷን ራሷ ወርዳ ተቀብላ መጣች። ካርቶኑ ተነስቷል አለች፤ አሁን ሰው ተሰልፎ ነው የሚወስደው፣ ሰውየውም እያንዳንዱን «ገባህ? ገባሽ?» እያለ ያሰለቻል። ፕሮፌሰሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራል። አንድ ሁለቱ ሰዎች ዓመቱ ሲዘጋ ለማመልከት ወረቀታቸውን አስቀምጠዋል።

ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው። «በይ አንብቢው፣ አንቺ ካላየሽው አይጸድቅም።»

ጠቅላላ፣ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ። የትምህርት ብድር፣ ሠላሳ። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ያኔ በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር ላይ እንደማኖረው።

ከቦርሳዋ የፀጉር ቅባቱን አወጣች። ያንኑ። ከባለሱቋ፣ ሰው እያየ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው የገዛችው። «ለማን ብዬ መሰለሽ? ሰው እንዲያይልሽ ነዋ» አለችና ሳቀች። ከዚያ የወረሰችውን የኃላፊ ጋዎን ለብሳ መጣች፤ የፊተኛው ኃላፊ ግዙፍ ሰው ስለነበር እጅጌው ጣቷን ውጦታል። «እጄን አሳዪልኝ» አለች። ነገ እለካዋለሁ አልኳት።

በሩ ተንኳኳ። ባለሱቋ። ደረጃውን ስትወጣ አይቻት አላውቅም፤ ታለከልካለች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት።

«እትዬ… ልጄ ኮሌጅ ገባች። የብድሩን ወረቀት ልትፈርም ነው። በኋላ እንዴት እንደሚቆርጡባት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ ይላል ሰው።»

«ሰው ማለት ማን ነው?»

ወረቀቱን በእጇ አገላበጠችው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ባለሱቋ። «ያኔም እኔ ነበርኩ።»

ለዚህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሳሙና በገዛሁ ቁጥር። ሁሉንም ትቼ ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ አየሁት። ልጅሽን ይዘሽ ነገ ነይ አልኳት፤ ሳታነብ አንዲት ፊርማ እንዳታኖር።

ነገ መጀመሪያ፦

ጠመኔውን መሳል።

የጋዎኑን እጅጌ መለካት፤ ሁለቱንም፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። ከመስመሩ ያለፈውን ብቻ መቁረጥ።

ለልጄ መደወል። ወሬውን ያደረሰላት ሰው ማን እንደሆነ አልጠይቃትም፤ አውቄዋለሁ።

የባለሱቋ ልጅ ስትመጣ ጨርቅና ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቋት። አትሳቀቅ፤ ልጅቱ ምንም አላደረገችም።

ሁለት ወንበር ማውጣት። እናትየዋም መምጣቷ አይቀርም። ትቀመጥ፣ ትስማ።

ሻይ ለልጅቱ። ለእናትየዋ አላፈላም፤ ገና አልታረቅንም።